ከማሳ የተነሳው እንፋሎት፦ ወደ ባሕር የሚገባና ከባሕር የሚወጣ መርዝ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለእንግዶች የቀረበ ንግግር)








በዚህ ዓይነት በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መናገር የተለመደ ነው። ለዛሬ የተመረጠው ርዕስ ግን ባሕር ነው። የባሕር በር የሌለው አገር ገበሬ ከባሕር ጋር ምን አገናኘው የሚል አባል ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም አባላት በጀርባቸው ተሸክመው የሚረጩት መድኃኒት ከማሳው አጥር አልፎ የት እንደሚደርስ ሳይታወቅ ስለ ፀረ ተባይ አጠቃቀም መናገር ግማሹን ትቶ ግማሹን መናገር ይሆናል።

ነገሩን ለመረዳት አረቄ የምታወጣ እናትን ማሰብ ይበቃል። ድፍድፉ እንስራ ውስጥ ሆኖ ከሥሩ እሳት ይነድበታል። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። እሳቱ የሚነደው አንድ ቦታ፣ አረቄው የሚጠራቀመው ሌላ ቦታ ነው። ምድርም በአንዳንድ መርዞች ላይ ይህንኑ ትሠራለች። የሞቃት አገር ማሳ እንደ እንስራው፣ ነፋሱ እንደ መቃው፣ በምድር ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ቀዝቃዛ ባሕር ደግሞ እንደ ማጠራቀሚያው ዕቃ ይሆናሉ። የምድሩ መንገድ ግን አንድ ጉዞ ብቻ አይደለም። መርዙ ቀን በሙቀት ይነሳል፣ ሲቀዘቅዝ መሬት ወይም ውሃ ላይ ያርፋል፣ እንደገና ሲሞቅ እንደገና ይነሳል። ሳይንቲስቶች ይህን አካሄድ የፌንጣ ዝላይ ብለውታል። ስሙን ያወጣው ሰው ማሳ ውስጥ የዋለ ሳይሆን አይቀርም።

ሁሉም መድኃኒት እንዲህ አይጓዝም። እንደ ማላታይን ያለው በፀሐይና በውሃ ኃይል ቶሎ ይፈርሳል። ሩቅ የሚሄደው ሦስት ጠባይ ያለው ነው፦ ቶሎ የማይፈርስ፣ በመጠኑ የሚተን፣ ከውሃ ይልቅ ስብ የሚወድ። ክሎሪን የበዛባቸው የቀድሞ መድኃኒቶች፣ ማለትም ዲዲቲ፣ ሊንዳን፣ ክሎርዴን፣ ቶክሳፌንና የመሳሰሉት ሦስቱንም ጠባይ ያሟላሉ። በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይጨመር የነበረው ፒ.ሲ.ቢ. የተባለው የኢንዱስትሪ ኬሚካልም እርሻ ሳያውቀው ከእነዚሁ ጋር አብሮ ይጓዛል።

ከእነዚህ ውስጥ ታሪኩ በሚገባ የተጠናው ሄክሳክሎሮሳይክሎሄክሴን ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ ባጭሩ ኤች.ሲ.ኤች. ይባላል፤ በዕድሜ የገፉት የግብርና ሠራተኞች ቢ.ኤች.ሲ. በሚል ስም ያውቁታል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ድረስ በመላው ዓለም ወደ 10 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ኤች.ሲ.ኤች. ጥቅም ላይ እንደዋለ ተገምቷል። ከዚህም ቻይና ብቻዋን ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ተጠቅማለች። በሩዝ፣ በጥጥና በእህል ማሳ ላይ ተረጭቷል፤ አንበጣም ተገድሎበታል።

እዚህ ላይ ለገበሬ የሚቆረቁር ነገር አለ። ኤች.ሲ.ኤች. የአንድ ነገር ስም አይደለም። ፋብሪካው የሚያወጣው ዱቄት የበርካታ ዓይነቶች ድብልቅ ነው። ነፍሳት የሚገድለው ጋማ የተባለው ዓይነት ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከድብልቁ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው። ሊንዳን ማለት ይህ ጋማ ለብቻው ተጣርቶ ሲወጣ ነው። ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አልፋ የተባለው ዓይነት ነው፤ ለተባይ ምንም አይሠራም። አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ቤት ሲደርስ ከሰማንያ ኪሎ በላይ ገለባ ያገኘ ሰው ገበያ ላይ ይጮህ ነበር። ለኤች.ሲ.ኤች. ግን ለአርባ ዓመታት ያህል የጮኸ የለም። ገለባው በየማሳው ተረጭቶ ተነነ።

የተነነው የት ገባ? ከአየር ወደ ባሕር የሚወስዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ በዝናብና በበረዶ ታጥቦ መውረድ ነው። ሌላው ከአቧራ ጋር ተጣብቆ መርገፍ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ አየርና ውሃ በሚነካኩበት የባሕር ገጽ ላይ ጋዙ በቀጥታ ወደ ውሃው ይገባል። ቀዝቃዛ ውሃ ጋዝን አጥብቆ ይይዛል። ፀሐይ የመታው የአምቦ ውሃ ሲከፈት ጋዙ ቶሎ እንደሚወጣ፣ የቀዘቀዘው ግን ይዞ እንደሚቆይ ሁሉም ያውቃል። የሰሜኑ ባሕር አልፋ ኤች.ሲ.ኤች.ን እያጠራቀመ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ከተረጨበት ማሳ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ እርሻ በሌለበት አካባቢ የሚገኝ ውሃ የአልፋ ኤች.ሲ.ኤች. ትልቁ ጎተራ ሆነ።

ይህ ሦስተኛው መንገድ ግን የአንድ አቅጣጫ መንገድ አይደለም። እጣን ሲጨስ በዋለ ቤት ውስጥ የተሰቀለን ጋቢ እናስብ። ጢሱ ቤቱን እስከሞላው ድረስ ጋቢው ሽታውን ይጠጣል። እጣኑ ጠፍቶ በርና መስኮት ከተከፈተ በኋላ ግን የቤቱ አየር ይጠራል፤ ያን ጊዜ ጋቢው ራሱ ሽታውን ለቤቱ መልሶ መስጠት ይጀምራል። ጢስ የለም፣ ሽታ ግን አለ። ባሕርና አየርም እንዲሁ ናቸው። መርዙ የሚሄደው ከጠገበው ወገን ወዳልጠገበው ወገን ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም፤ ባሕር ላይ ተለክቷል። አላስካና ሳይቤሪያ ፊት ለፊት በሚተያዩበት ቦታ ከደቡብ ቤሪንግ፣ ከሰሜን ቹክቺ የተባሉ ሁለት ባሕሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች በአንድ መርከብ ሆነው እዚያ ተጓዙ። አየሩን በማጣሪያ ውስጥ እየሳቡ፣ ውሃውን እየቀዱ በሁለቱም ውስጥ ያለውን ኤች.ሲ.ኤች. ለኩ። በዚያ ዓመት አልፋው ከአየር ወደ ባሕር እየገባ ነበር። ይኸው ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1993 ተደገመ። በዚህኛው ጊዜ ውሃው ውስጥ ያለው ብዙም አልተለወጠም፤ አየሩ ግን ጠርቷል፤ አልፋው ከባሕር ወደ አየር እየወጣ ተገኘ። በአምስት ዓመት ውስጥ አቅጣጫው ተገለበጠ።

ምክንያቱ የሚገኘው ባሕሩ ዘንድ ሳይሆን ማሳው ዘንድ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1983 የኤች.ሲ.ኤች. ድብልቅን አቆመች። ሕንድና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ለእርሻ እንዳይውል ከለከሉ። እጣኑ ጠፋ፣ ጋቢው መልቀቅ ጀመረ። በቤጂንግና በኒው ዴልሂ የተፈረመ ወረቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአላስካ ጠረፍ የባሕሩን እስትንፋስ ለወጠ ማለት ነው። መከልከል ፋይዳ የለውም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል። የዚያኑ ያህል ደግሞ ርጭት ስለቆመ ነገሩ አለቀ ለሚልም መልስ ነው፤ ባሕሩ የወሰደውን ገና ሲመልስ ኖሯልና።

ከዚህም በላይ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ባሕሩ በበረዶ የተከደነ ነው። በረዶው እንደ ድስት መክደኛ ሆኖ አልፋውን ከሥሩ ይዞት ቆይቷል። የዓለም ሙቀት እየጨመረ በረዶው ሲሸሽ መክደኛው ይነሳል፤ በረዶ በተከፈተባቸው የአርክቲክ አካባቢዎች በአየሩ ውስጥ ያለው አልፋ ከፍ ብሎ የተለካውም ለዚህ ነው።

ቤታ የተባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከአልፋ ይልቅ ውሃ ይወዳል፣ ለመትነንም ይሰንፋል። ስለዚህ በነፋስ እስከ አርክቲክ ሳይደርስ ሰሜን ፓስፊክ ላይ በዝናብ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ በባሕሩ ጅረት ቀስ እያለ በቤሪንግ መተላለፊያ ገባ። አልፋ በፈረስ፣ ቤታ በእግር የሄዱ ያህል ነው። አየሩ መጥራት ከጀመረ በኋላም ቤታ በውሃ ውስጥ ገና መንገድ ላይ ነበር።

እስካሁን የተባለው ስለ አየርና ስለ ውሃ ነው። ሰውስ? በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ውሃውን ጠጥቶ የሚታመም የለም። ችግሩ ስቡ ነው። ደቃቃዎቹ የባሕር ዕፅዋትና ነፍሳት መርዙን ከውሃው ይሰበስባሉ፤ ትንንሽ ዓሣ እነሱን ይበላል፤ ትልቅ ዓሣ ትንሹን ይበላል፤ አቆስጣ የተባለው ጡት አጥቢ የባሕር እንስሳ ትልቁን ዓሣ ይበላል፤ የዋልታ ድብና ሰው አቆስጣውን ይበላሉ። በየደረጃው መርዙ በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይቶች ምግባቸው የአቆስጣ ሥጋ፣ ዓሣና የዓሣ ነባሪ ስብ ነው። ጤፍ አይዘሩም፣ ጎመን አይተክሉም፤ ቅዝቃዜው አይፈቅድላቸውም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር የእናት ጡት ወተት ሲመረመር፣ ከፋብሪካ የራቁት ኢኑይቶች ለንጽጽር የሚያገለግል ንጹሕ ወተት ይኖራቸዋል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ። በሰሜኑ ጠረፍ የሚኖሩት ኢኑይት እናቶች ወተት ውስጥ የተገኘው ፒ.ሲ.ቢ. በደቡብ ኩቤክ ከሚኖሩት እናቶች አምስት እጥፍ ገደማ ነበር። አንድ ቀን እንኳ መርጫ ያልተሸከመ፣ ትራንስፎርመር ያልሠራ ሕዝብ ዕዳውን በልጆቹ ምግብ ከፈለ። ወተቱ ይቁም እንዳይባል ከእናት ወተት የተሻለ ምግብ ለሕፃን የለም፤ አቆስጣው ይቅር እንዳይባል በምትኩ የሚበላው በአውሮፕላን የሚመጣ ውድ ምግብ ነው።

ይህ ጉዳይ ወደ ዓለም አቀፍ ድርድር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የኢኑይቶች መሪ የነበሩት ሺላ ዋት ክሉቲየ እ.ኤ.አ. በ1999 ናይሮቢ ላይ በተካሄደው ስብሰባ እናትና ልጅን የሚያሳይ ከድንጋይ የተቀረጸ ሥራ አበረከቱ። ድርድሩ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም ስምምነት ተቋጨ፤ ስምምነቱም እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። መጀመሪያ የተካተቱት አሥራ ሁለት ኬሚካሎች ሲሆኑ ዘጠኙ ፀረ ተባዮች ናቸው። አልፋ፣ ቤታና ሊንዳን እ.ኤ.አ. በ2009፣ ለጥጥ በብዛት ይረጭ የነበረው ኢንዶሰልፋን እ.ኤ.አ. በ2011 ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በብዙ መጋዘን የሚታወቀው ክሎርፓይሪፎስ ከተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች ጋር በዝርዝሩ ገባ። መደርደሪያ ላይ ያለውን ስም ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጥጥ ከተነሳ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍ። ዲዲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ከታገደ በኋላ በደቡቡ የጥጥ ማሳዎች ቶክሳፌን በብዛት ተረጨ። በዚያው አገር ሰሜናዊ ጫፍ ሱፐርየር የተባለ ታላቅ ሐይቅ አለ፤ በሐይቁ ውስጥ አይል ሮያል የተባለ ደሴት፣ በደሴቱም ላይ ሲስኪዊት የሚባል ሌላ ሐይቅ ይገኛል። ይህ ትንሹ ሐይቅ ከትልቁ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ከትልቁ ውሃ አይገባበትም፤ በዙሪያው እርሻም ፋብሪካም የለም። ሆኖም ዓሣው ሲመረመር ፒ.ሲ.ቢ.ና ቶክሳፌን ተገኘበት። ከሰማይ በስተቀር ሌላ መግቢያ አልነበረውም። ቶክሳፌን እ.ኤ.አ. በ1982 በአብዛኛው፣ በ1990 ሙሉ በሙሉ ታገደ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሱፐርየር ሐይቅ አየርና ውሃ ሲለካ ሐይቁ ቶክሳፌኑን መልሶ ወደ አየር እየለቀቀ ነበር፤ ሆኖም በጣም ቀዝቃዛና ሰፊ በመሆኑ የሚለቀው በዝግታ ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2003 የስቶክሆልም ስምምነት አባል ሆናለች። ከዚያ በፊት ባሉት አሠርት ዓመታት ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ ዘመቻ የመጡ፣ የተረፉና ጊዜያቸው ያለፈባቸው መድኃኒቶች በየመጋዘኑ ተከምረው ነበር። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ከእነዚህ ውስጥ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋው ተለቅሞና እንደገና ታሽጎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። መድኃኒቱን ለመግዛት ከወጣው ወጪ በላይ እሱን ለማስወገድ ሌላ ከባድ ወጪ መጣ። አብዛኛው ክምችት የተፈጠረው በክፋት አልነበረም፤ ከሚያስፈልገው በላይ በመቀበል፣ ወቅቱ ካለፈ በኋላ በመድረስና መዝገብ ባለመያዝ ነው። የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ የሚገዛ መድኃኒት ዛሬም ተመሳሳይ ክምር ይፈጥራል። በዚህ ረገድ የተከበሩ የሥራ ኃላፊዎች ሊቀየሙ አይገባም።

በአገር ውስጥ ውሃም ጉዳዩ ታይቷል። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሣ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ዲዲቲና ከእሱ መፍረስ የሚመጡ ኬሚካሎች ተገኝተዋል። ዲዲቲ ለወባ መከላከያ ተብሎ የመጣ ነው፤ ከዚያ አፈትልኮ ጫትና አትክልት ላይ የተረጨባቸው ቦታዎች እንዳሉም ተመዝግቧል። ከሁሉም በላይ ግን የቡና አምራች ዩኒየኖች የማይረሱት እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ነው። ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የክሎሪን ዘር የሆኑ ፀረ ተባዮችን ቅሪት አገኘች፤ ከእነሱም አንዱ ከላይ የተባለው ጋማ፣ ማለትም ሊንዳን ነበር። ወደዚያ የሚላከው ቡናም በእጅጉ ቀነሰ። የተጠረጠረው የቡናው ማሳ አልነበረም፤ ቡናው የታሸገበት ጆንያ ነበር። ገበሬው ሳይረጭ ገበያ አጣ። ከመድኃኒት ጋር በአንድ ክፍል ያደረ ጆንያ እንደዚያ እጣን ቤት ጋቢ ነው፤ ይጠጣል፣ በኋላም ይሰጣል።

ስለዚህ በየመሠረታዊ ማኅበሩ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ይነሳል። መድኃኒት ለብቻው በሚቆለፍ ክፍል ይቀመጥ፤ ከእህል፣ ከዘርና ከባዶ ጆንያ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይደር። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ርጭት ነፋስ ሲበርድና ፀሐይ ሳትበረታ፣ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሁን፤ በቀትር የተረጨ እንደ እንስራው ይተናል፣ ገንዘቡም አብሮ ይተናል። ባዶ ጠርሙስና ጀሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው መርጫው ውስጥ ተጨምሮ ይረጭ፤ ዕቃው ደግሞ ተበስቶ ይሰብሰብ እንጂ ለውሃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ አይዋል። ማሳ ዳር ላይ ማቃጠል መፍትሔ አይደለም፤ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክና መድኃኒት በጉልት እሳት ሲነድ ዳዮክሲን የተባለ፣ በዚያው ስምምነት የተዘረዘረ ሌላ መርዝ ይፈጥራል። መለያ ወረቀት የሌለውን፣ በፌስታል ተቋጥሮ ገበያ ላይ የሚሸጠውን መግዛት ደግሞ በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከተቋቋመው የምዝገባ ሥርዓት መውጣት ነው። ምን እንደያዘ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚረጭ አያውቅም።

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ያለው ማኅበር ማፈር የለበትም። ማፈር ያለበት ሌሊት ጉድጓድ ቆፍሮ የሚቀብረው ነው፤ የተቀበረው በክረምት ጎርፍ ወደ ወንዝ፣ በበጋ ሙቀት ወደ ሰማይ መንገድ ያገኛልና። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የገባበት ቀንና ያለበት ሁኔታ በቢን ካርድ ተመዝግቦ፣ የሚያፈስ ዕቃ ካለ በሌላ ዕቃ ውስጥ ተከቶ፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይታወቅ። ለዚሁ የተዘጋጀው ቅጽ ከአዳራሹ መውጫ አጠገብ ባለው የንብረት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ አንድ ቅጽ ፈርሞ ይውሰድ።